ኦባንግን የያዘው አሸዋ

ልጅ እያለሁ፣ ክልላችን ገና ክልል በተባለባቸው በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት፣ በጋምቤላ ከተማ በየአቅጣጫው ግንባታ ነበር። ለአዲሶቹ ቢሮዎች የሚሆነው አሸዋ በበጋ፣ ባሮ ሲጎድል፣ ከወንዙ ዳር ይቆፈራል። መኪኖቹ ጭነው ሲሄዱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጉድጓድ ይቀር ነበር። ላዩ በፀሐይ ግሎ እግር ያቃጥላል፤ ከሥሩ ያለው ግን ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፤ የዓሣና የጭቃ ሽታ አለው። እርጥቡ አሸዋ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ግንብ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከታናሽ ወንድሜ ከኦባንግ ጋር ለመዝሙር ልምምድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተልከን ሳለ መንገዳችንን ወደ ወንዙ አጠፍን። እኔ አሥር ዓመቴ፣ እሱ ስድስት ዓመቱ ነበር። በአንዱ ጉድጓድ ግድግዳ ሥር ዋሻ መቆፈር ጀመርሁ።

«አይወድቅም?» አለኝ ኦባንግ።

«አሸዋ ማለት እኮ ሲሚንቶ ነው» አልሁት በታላቅ ወንድም ሥልጣን።

ዋሻውን ሊያይ ቀረብ እንዳለ ግድግዳው ያለ ድምፅ ተናደ። ወንድሜ እንደቆመ እስከ ደረቱ ተቀበረ።

በብብቱ ይዤ ጎተትሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ጩኸቴን የሰማ ጌታቸው የተባለ አሸዋ ጫኝ ሮጦ መጥቶ አብሮኝ ጎተተ። ኦባንግ «እግሬ! እግሬ ተቆረጠ!» እያለ አለቀሰ። በጎተትነው ቁጥር አሸዋው ይበልጥ ይጨብጠው ነበር። ከበላዩ የቀረው ግድግዳ ደግሞ መሰንጠቅ ጀምሯል፤ ያ ከወረደ ፊቱን ይሸፍነዋል።

«ልቀቁት!» አሉ ከኋላችን። ታንኳቸውን አጠገባችን ያሰሩት ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ጋሽ ኡሞድ ነበሩ። «አንተ ደገኛ! ታንኳ አሸዋ ሲይዘው ትጎትታለህ? ታንኳው ይሰበራል፤ አሸዋው ይስቃል።»

ጌታቸው ከታንኳው ሳንቃ አምጥቶ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ደግፎ እንዲይዝ አዘዙት፤ እኔን በጀሪካን ውሃ እንዳመጣ ላኩኝ። ራሳቸው ተንበርክከው የላይኛውን አሸዋ በእጃቸው እየዛቁ ከኦባንግ ጋር ጨዋታ ያዙ።

«አንተ ዓሣ ነህ?»

«አይደለሁም!»

«ታዲያ ይሄ ጅራት የማን ነው? እስቲ አወዛውዘው። ቀስ፣ ትንሽ ትንሽ።»

ወንድሜ እያለቀሰ ሳቀ፤ ጉልበቱንም አነቃነቀ። ጋሽ ኡሞድ መቅዘፊያቸውን በእግሩ አጠገብ ሰክተው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዛሉ፤ በቀዳዳው ውሃ ያፈሳሉ። ያ ድንጋይ የመሰለ አሸዋ እንደ ገንፎ ላላ። ኦባንግ በጣት ልክ፣ በጣት ልክ ከፍ እያለ መጣ፤ በመጨረሻም ማንም ሳይጎትተው ወጣ። አንድ ሸበጡ ብቻ እዚያው ቀረ።

እናታችን ወሬውን ሰምታ ልምጭ ይዛ ስትደርስ «እኔ ነኝ የቆፈርሁት» አልኋት።

«አትምቺው» አሉ ጋሽ ኡሞድ። «ዛሬ ተምሯል። አሸዋው በቂ አስተማሪ ነው።»

ከዓመታት በኋላ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ እንዳነበብሁት፣ ቅንጣቶች ሲጨናነቁ እርስ በርስ ተደጋግፈው እንደ ጠጣር ይጸናሉ፤ ወደ ጎን ሲነቀነቁ ግን ቦታ ተለቃቅቀው ይፈስሳሉ። በአክብሮት አነበብሁት፤ ነገሩን ግን ቀድሞ በአንድ ሽማግሌ እጅ አይቼው ነበር።

ዛሬ የእነዚያ ቢሮዎች ቀለም ተላልጧል፤ ጋሽ ኡሞድም አርፈዋል። ስለ ወንድሜ ሕይወትና ከልምጩ ስለ መትረፌ አመሰግናቸዋለሁ። ሦስተኛው ውለታቸው የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው። የሁለት ልጆች አባት የሆነው ኦባንግ ያን ቀን ሲያነሣ ጩኸቱንም ሆነ የተሰነጠቀውን ግድግዳ አያስታውስም። ለልጆቹ እየሳቀ የሚነግራቸው፣ አንድ ሽማግሌ በወንዝ ዳር ዓሣ አድርገው እንዳጫወቱት ነው። አጠገቡ ተቀምጬ እሰማለሁ፤ አላርመውም።