ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ከስልኳ ላይ እያየች የሠራችውን ወጥ አቀረበችልኝ። አንድ ጊዜ እንደ ጎረስሁ፣ «ቁሌቱ ሳይበስል ነው ውኃ የጨመርሽበት» አልኋት። ዓይኗን አጥብባ አየችኝና፣ «አባባ፣ ተደብቀው ሲያዩኝ ነበር እንዴ?» አለች። ሳቅሁ። እንዲህ ባለ ዓይን ከታየሁ ብዙ ዘመኔ ነው፤ ያኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ወጣት ሳለሁ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነበርሁ። ትርንጎ የምትባል የሥራ ባልደረባዬን ወድጄ ልቤ ጠፍቷል። ቤተሰቧ አንድ አመል ነበረው፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባትም እናትም ልጆችም ማድ ቤት ገብተው አብረው ይሠራሉ። አባቷ ጋሼ ይስማው የመንግሥት ቢሮ ጸሐፊ ናቸው፤ ሽንኩርት ሲከትፉ ጎረቤት እንዳያያቸው የግቢው በር ይቀረቀራል። ወንድ ማድ ቤት ገባ መባል በዚያ ጊዜ ቀላል ወሬ አልነበረም። ለእሳቸው ግን ጨዋታቸው ነበር። የጨዋታው ዋናም እንግዳ ቀምሶ ምን እንደ ገባበትና ምን እንደ ቀረ እንዲገምት ማድረግ ነው።

መጀመሪያ የተጋበዝሁ ዕለት የመስከረም ዝናብ ገና ስላላባራ ጭቃ እየረገጥሁ ደረስሁ። ቅቤ የገባበት የክክ ወጥ ቀረበ። እኔ ሞኙ፣ ልደነቅ ብዬ፣ «ቅቤው በኮሰረት ነው የተነጠረ፤ አብሽ ግን የለውም። በርበሬውም ፀሐይ ሳይጠግብ ነው የተፈጨ» አልሁ።

ማንም አልሳቀም። ጋሼ ይስማው የጠቀለሉትን መልሰው አስቀመጡት።

«ይህን ማን አስተማረህ?»

«እናቴ ስትሠራ እያየሁ ነው ያደግሁት።»

«አንተየ፣ በማየት ምላስ አይሠለጥንም እንጅ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚቀመሰው ወጡ መሆኑ ቀርቶ እኔ ሆንሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ እንደምሄድ ሰሙ። ስመለስ ልብሴ ቁሌት ቁሌት እንደሚል ደግሞ ትርንጎ ራሷ ታውቃለች። ጋሼ ይስማው ቡሬ ሚስት አለችው ብለው ጠረጠሩ፤ ያም ካልሆነ መጠጥ ቤት ወጥ ሲሠራ የኖረ ነው ብለው ጠረጠሩ። ሽማግሌ ብልክባቸው፣ «አጣርተን እንነግራችኋለን» ብለው መለሱልኝ። ትርንጎም ፊት ለፊት ጠየቀችኝ።

«ቡሬ ማን አለች?»

«እናቴ ናት።»

«ታመዋል?»

«የለም።»

«ታዲያ በየሳምንቱ ምን ያስሮጥሃል?»

«ደወል ተደውሏል» ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ሽሽቴ ነገሩን አባሰው።

እውነቱ ይህ ነበር። ቡሬ ውስጥ ሠርግም ሆነ ክርስትና ያለ እናቴ ድስት አይጣድም። የምትሠራው ስለምትወደው እንጂ ማንም ከፍሏት አይደለም፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ከቤት የሚያወጣት ሌላ ነገር አልነበራትም። ታዲያ ከአንድ ክፉ በሽታ ስትነሣ ሽታም ጣዕምም ጠፋባት፤ ጨውና ስኳር መለየት ተሳናት። ከዚያ ወዲህ ምላሷ እኔ ሆንሁ። ለእሑድ ድግስ ቅዳሜ እደርሳለሁ፤ ዕቃ የማቀብል መስዬ ድስቱ አጠገብ እቆማለሁ፤ ስትጠቅሰኝ እቀምስና የጎደለውን በጆሮዋ እነግራታለሁ። «ሰው ከሰማ ከድስቱ ያርቁኛል፤ ያን ጊዜ ሞትሁ ማለት ነው» ብላ አስምላኛለች። እሷን ላጋልጥ ወይስ ትርንጎን ልጣ? እንቅልፍ አጣሁ፤ ከሳሁ።

በኅዳር አንድ ዓርብ፣ ድግሱ ለቅዳሜ ስለ ነበር፣ ከሥራ እንደ ወጣሁ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ዳጉሳው እየታጨደ ነበር፤ መንገዱ ሁሉ ገለባ ገለባ ይላል። እናቴ ፊቷ በርቶ ጠበቀችኝ።

«ዛሬ አንድ የተከበሩ እንግዳ መጥተውልኝ ነበር። ጊደር ሊገዙ ነው የመጡት፤ ከፍኖተ ሰላም ነኝ፣ ልጅሽን አውቀዋለሁ አሉኝ። ምስር ወጥ ሠርቼ አቀረብሁላቸው። አስጨምረው በሉ እኮ!»

መልካቸውን ስትነግረኝ ጋሼ ይስማው መሆናቸው ገባኝ። ድስቱን ከፍቼ በጣቴ ቀመስሁ። ጨው ሁለት ጊዜ ገብቶበት መራራ ሆኗል።

«ጥሩ ነው?» አለች እናቴ።

«ጥሩ ነው» አልሁ። ድስቱን መልሼ ከደንሁት። የሰውየውን ምላስ አውቀዋለሁ፤ ይህ አያመልጣቸውም። ልጃቸውን መከልከላቸው ሳያንስ የእናቴን ጉድ ለሰው ሁሉ ሊናገሩ ነው ብዬ ፈራሁ።

ሰኞ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ትርንጎንም ይዘሃት ሂድ» አሉ። «አንተ ያመመህ ቀን ለእናትህ የሚቀምስላቸው ሰው ያስፈልጋል።»

«ጋሼ፣ እባክዎ ለሰው…»

«ምኑን?» አሉና ጥለውኝ ሄዱ።

ለገዛ ልጃቸው እንኳ አልነገሯትም፤ የነገርኋት እናቴን አስፈቅጄ እኔ ነኝ። ከተጋባን በኋላ እናቴ እስክታርፍ ድረስ እየተፈራረቅን ቀመስንላት። በተዝካሯ ዕለት አንዲት የቡሬ ሴት፣ «እንደ እሷ የጨው ልክ የሚያውቅ እጅ ከእንግዲህ አይገኝም» ብላ አለቀሰች። ትርንጎ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች፤ እኔ ወደ ግድግዳው ዞርሁ።

አሁን እናቴም ጋሼ ይስማውም የሉም፤ ከድስት የሚያርቁት ሰው ስለሌለ ነው ይህን መጻፌ። እኔም አርጅቼ ሰው የማላምን፣ በየነገሩ የምጠረጥር ሆኛለሁ። በዕድሜዬ ብዙ ተጠራጣሪ አይቻለሁ፤ አብዛኛው የጠረጠረውን ያገኘ ዕለት አደባባይ ያወጣዋል። እውነቱን አግኝቶ ያን ጨው አስጨምሮ የበላ ግን አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ ዛሬም ድረስ እወደዋለሁ።