የሹፌሩ ኤሲ

መቐለ ውስጥ ቤቱ ኤሲ የሚያስገባ ሰው ብርቅ ነው። የአከራዬ ባለቤት ግን አስገብተው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዐፋር ቆላ ጨው ሲያመላልሱ የኖሩ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ “ሙቀቱ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣም” ይሉ ነበር አሉ። መስኮት ላይ የሚገጠም ትልቅ ሣጥን ከቆላ ጭነው አምጥተው መኝታ ቤት ሲተክሉ ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። ከሰዓት በኋላ ጋደም ሲሉ፣ እኔ ኣደይ፣ እናቴ፣ የምላቸው አከራዬ ጋቢ ተከናንበው ጎናቸው ይቀመጡና “ኣጉድሎ'ባ፣ ቆሪሩኒ!” ይሏቸዋል፤ ቀንሰው እንጂ፣ በረደኝ ማለት ነው። ይህን ራሳቸው እየሳቁ ነግረውኛል። ሰውዬው ካረፉ ወዲህ ኤሲው ተነክቶ አያውቅም።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ እንዳ ኢየሱስ ግቢ፣ አስተምራለሁ። የተከራየኋት ሰርቪስ ቤት ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለሆነ፣ የዝናብ ትንበያ የምሠራበት ኮምፒውተሬ ግንቦት ሲገባ ይግልና ስሌቱን እኩሌታ ላይ ጥሎ ድርግም ይላል። ቬንትሌተር ገዛሁ፣ የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቼ ተውኩት፤ ወይ ፍንክች። አንድ ቀን ብቻዬን ስነጫነጭ ኣደይ ሰሙኝ።

“ወደይ፣ ልጄ፣ የሱን ኤሲ ውሰደው። ቆሞ ከሚዝግ ላንተ ይሥራ” አሉኝ። ቀጥለው እጄን ያዙ። “ግን እንዳይሞት። መኪናውም ተሸጧል፤ ሌላ የሱ ነገር የለኝም።”

እሺ ማለት ቀላል ነው። ለኮምፒውተር እንዲሆን የኤሲውን ቀዝቃዛ ቱቦዎች ከቦታቸው አላቅቆ፣ አጥፎ፣ ውሃ የተሞላ ሣጥን ውስጥ መንከር ያስፈልጋል። ከዚያ ትንሽ ፓምፕ የቀዘቀዘውን ውሃ በላስቲክ ቱቦ ወደ ኮምፒውተሩ ታመላልሳለች። የኤሲው ቱቦ ሲታጠፍ ከተሰነጠቀ ግን የሚያቀዘቅዘው ጋዝ ያመልጣል፣ ኤሲውም አለቀለት። እግዜር ይመስገን፣ አልተሰነጠቀም። ሙቁን ጀርባውን በመስኮቱ ወደ ውጭ አዙሬ ከፈትኩት።

ጩኸቱ ግን አይጣል ነው! ኣደይን እንዳይረብሻቸው ብዬ ከአሮጌ ጎማ ቆርጬ ከሥሩ አነጠፍኩለት፤ የላላውን ክዳን በብሎን ጥርቅም አደረግኩት። ጸጥ አለ። ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ዋለ። ከደስታዬ ብዛት ብቻዬን ጨፈርኩ።

በማግስቱ ከሰዓት ኣደይ ጋቢያቸውን ይዘው መጡ። በዚያ ሙቀት ጋቢ! ወንበር ሰጠኋቸው። ጆሯቸውን ወደ ኤሲው አዘንብለው ትንሽ ቆዩና ፊታቸው ተለዋወጠ።

“ሞይቱ ድዩ?” አሉኝ፤ ሞተ እንዴ?

“ኧረ እየሠራ ነው፣ ኣደይ! ውሃውን ይንኩት፣ በረዶ ነው። እንዳይረብሽዎ ብዬ ድምፁን ነው ያጠፋሁት።”

“ማን ረበሸኝ አለህ?”

እንዲህ ተበሳጭቼ አላውቅም፤ በራሴ። ስንት ነገር ተጠንቅቄ ካተረፍኩት ኤሲ፣ እሳቸው ሊሰሙት የመጡትን ድምፅ ብቻ ነጥዬ ገድያለሁ። መፍቻዬን አንስቼ ብሎኑን አላላሁ፣ ጎማውንም ከሥሩ ጎትቼ አወጣሁ። መጀመሪያ ክዳኑ ተንቀጫቀጨ። ቀጥሎ ዳገት እንደያዘ የጭነት መኪና እያጉረመረመ ክፍሏን ሞላት።

ኣደይ ወንበራቸውን ወደ ኤሲው አስጠጉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጋቢውን እስከ አገጫቸው ሳቡት። ልቤ ስለተነካ ኮምፒውተሬ ላይ አቀረቀርኩ። ክፍሏ እንደ ምድጃ ትግላለች፤ የኤሲው ብርድ ሁሉ የሚገባው ውሃው ውስጥ ነው፣ ወደ ሰው የሚደርስ ነፋስ የለውም።

“ኣጉድሎ'ባ፣ ቆሪሩኒ” አሉ ኣደይ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

እኔ ላቤን በእጅጌዬ ጠርጌ ሥራዬን ቀጠልኩ።