በዝርዝሩ ላይ ያለው ፎቶግራፍ

ባለቤቴ ከሞተ ሠላሳ አንድ ቀን ሆኖት ነበር። ለአርባው የሚቆም ፎቶግራፍ አላገኘንም ነበር። ቤት ያሉት የሠርጋችንና የመታወቂያ ጉርዶች ናቸው። እህቱ ደግሞ "ሰው የሚያውቀው ፊቱ ይቁም" አለች። ያ ፊቱ ቸርችል ጎዳና በታሸገው ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በሥራ ሃያ ዓመት ሲሞላው ኩባንያው አስነስቶ፣ መስታወት አስገብቶ የሸለመው ነው።

ኩባንያው የውጭ ነው፤ የማተሚያ መለዋወጫ ያስመጣ ነበር። የኩባንያውን ባለቤት አንድም ቀን አይተነው አናውቅም። ከሁለት ዓመት በፊት አገሩ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ተጣላች፤ ስሙ ማዕቀብ ከተጣለባቸው ሰዎች ዝርዝር ገባ ተባለ። ባንክ ያለው ገንዘብ ታገደ፤ ቢሮውም ታሸገ።

ባለቤቴ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። የታሸገ ዕለት "ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ መዝግብ" አሉት። ሁሉን መዘገበ። ማታ ዝናብ ደብድቦት ገባ።

"ጃንጥላህስ?" አልኩት።

"ተመዝግቧል።"

ያን ጊዜ ስቄበታለሁ።

ከሰፈሬ ከአፍንጮ በር በታክሲ ወደ ቢሮው ወረድኩ። የሕንፃው ዘበኛ ያውቀኛል። ነፍስ ይማር ካለ በኋላ የመጣሁበትን ነገርኩት።

"እትዬ፣ እዚያ ቤት በረሮዋም ታግዳለች" አለኝ። "ወጥታ እንዳትሄድ እኔ ነኝ የምጠብቃት።"

ንብረቱን ወደሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ላከኝ። ኃላፊዋ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ነጠላዬን አይታ ወንበር ሳበችልኝ። ከዚያ ዝርዝሩን አወጣች። ጽሕፈቱ የእሱ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ስርዝ የሌለበት። "ፎቶግራፍ፣ ባለመስታወት፣ አንድ" ይላል። የማን ፎቶግራፍ እንደሆነ አልጻፈም።

"የራሱ ፊት እኮ ነው" አልኩ።

"ይገባኛል። ግን እዚህ ከሰፈረ የኩባንያው ነው። እግዱ እስኪነሳ አይነቃነቅም።"

"ማነው የሚያነሳው?"

"እኛማ ብንሆን ዛሬ በሰጠሁዎት። ባሕር ማዶ ነው።"

መሳቢያዋን ከፈተች። ከዚያ ወረቀት አወጣች። መዝጋቢው ተሳስቶ የግል ዕቃውን ከኩባንያው ንብረት ጋር ቀላቅሏል ብዬ ብፈርም እንደምታስወጣልኝ ነገረችኝ።

ባለቤቴ የሚኮራበት ብዙ ነገር አልነበረውም። መልኩንም፣ ዘሩንም አያነሳም ነበር። በየዓመቱ ዕቃ ተቆጥሮ ከመዝገቡ ጋር አንድ ሲሆን ግን ያን ቀን ራት ላይ ያወራ ነበር። በሠላሳ ዓመት አንድም ስህተት አልተገኘበትም። እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ሐዘን መሰላት፤ ውኃ አመጣችልኝ። ሐዘን አልነበረም።

"ካልሆነልዎት ነገ ይምጡ።"

"ነገም ያው ነው" አልኩና ፈረምኩ።

በአርባው ፎቶግራፉ በአበባ መካከል ቆመ። እህቱ አቅፋው አለቀሰች። እኔ የድንች ወጥ አዞር ነበር። ቢሮው የታሸገ ዕለት ከባለቤቴ ጋር የነበረ የድሮ የሥራ ባልደረባው መጥቶ ነበር። ፎቶግራፉን አሻቅቦ አየው።

"እንዴት ለቀቁት?"

"ተሳስቶ ነው የመዘገበው" አልኩ።

"ማን? እሱ?"

ጉርሻው እጁ ላይ እንዳለ ቀረ። ወጥ ጨመርኩለትና ወደሚቀጥለው ሰው አለፍኩ።