ለእንግሊዝ ሸንጎ የጻፍኩት አቤቱታ

ንፋስ መውጫ ፍርድ ቤት ደጃፍ ራፖር ጸሐፊ ሆኜ የተቀመጥኩ ዕለት፣ ሥራውን ያሳዩኝ መሪጌታ አንድ ነገር ብቻ ነገሩኝ። «የሹሙን ማዕረግ አሟልተህ ጻፍ። ቦታ ከተረፈህ በደሉን ጨምርበት።» ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ስማር ያማረው የእጅ ጽሕፈቴ እንጀራዬ ሆነ። ብዙ ጊዜ ግን ቦታ አይተርፍም ነበር።

አንድ ቀን አያ ደምሌ የሚባሉ ገበሬ ከስማዳ መጡ። ምስለኔው ያባታቸውን ማሳ ቀምቶ ገብስ ዘርቶበታል። ከወገዳ ወረዳ ፍርድ ቤት ጀምረው እስከ ዙፋን ችሎት ተሟግተው ተረትተዋል። ሌላ መሬት የላቸውም፤ ከስተው አጥንታቸው ቀርቷል።

«ይግባኝ ጻፍልኝ» አሉ።

«አያ፣ ከዙፋን ችሎት በላይ እኮ የለም!»

«በእኛ አገር ነዋ! እንግሊዞች ከዘውድ በላይ ሆኖ ነገር የሚያይ ሸንጎ አላቸው ብሎ የመንደራችን አስተማሪ ነግሮኛል።»

ሐሳባቸውን ላስቀይር ብዬ አሜሪካን አነሣሁ። መሪው በየአራት ዓመቱ ይለወጣል አልኳቸው።

«ወግድ! ቀጠሮዬ ሳይደርስ ሊወርድ?»

«ሩሲያ ደግሞ መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ርስት የለም።»

አማተቡ። «ታዲያ ሰዉ በምን ይሟገታል? የእንግሊዙ ይሻለኛል፤ ዘውድም አላቸው፣ ጠያቂም አላቸው። በል ጻፍ!»

አንጀቴን በሉት። የሸንጎውን ማዕረግ ስለማላውቅ የማውቀውን ማዕረግ ሁሉ ደረደርኩለት። ዋናውን ፖስታ ቤት እንዳደርስላቸው እኔው ዘንድ ተዉት።

ስሕተቴ ከግርጌው ላይ ነበር። እጄ እንደ ልማዱ «ግልባጭ፦ ለአገረ ገዥው ጽሕፈት ቤት» ብሎ ጨርሷል። አያ ደምሌም ሥርዓት አዋቂ ናቸውና ግልባጩን ራሳቸው ወስደው አስገቡ።

በሦስተኛው ቀን ገዥው አስጠሩኝ።

«ዋናው ተልኳል?»

ዝምታዬን እንደ አዎንታ ቆጠሩት።

«አዋረድከን! ፈረንጅ ምን ይለናል? ጃንሆይ ቢሰሙስ?»

ምስለኔው ተጠርቶ ማሳውን በዚያው ሳምንት መለሰ። የዙፋን ችሎቱ ውሳኔ የት እንደገባ የጠየቀ አልነበረም።

አያ ደምሌ በግ እየጎተቱ መጡ። «አላልኩህም? እንግሊዞች ፈረዱልኝ!» እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ደስታቸውን ሳይ መልሼ ዘጋሁት። ዋናው አቤቱታ ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ አለ።

ከዚያ ወዲህ ስለ አገሮች አገዛዝ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። ልዩነቱ ሹሙ ማንን እንደሚፈራ ላይ ነው። የእኛው ገዥ ፈረንጁንም ጃንሆይንም ይፈሩ ነበር። አያ ደምሌን ግን አይፈሩም ነበር።