መርፌ ይሻላል ያለ ሁሉ ውረድ

ምን? ውሸት ነው? ሜዳ ላይ ሰው አላወረድኩም? ነበርክ? ካልነበርክ ዝም በልና ስማ።

ከጊንጪ አምቦ እንደኔ የሚጣራ ረዳት የለም። «አምቦ አንድ ሰው!» ካልኩ አዲስ አበባ የሚሄደውም ተሳስቶ ይገባል። ያን እሑድ እናቴን ጋቢና አስቀምጫታለሁ፣ የምግብ ሳህኗን ታቅፋለች። አምቦ የታሰረው ወንድሜ ጋ ነው የምትሄደው። ሞት ተፈርዶበታል። ሰው ገድሏል፣ አልዋሽም። እሷን ግን «ፍርዱ ለወሬ ነው፣ ማንንም አይገድሉም» እያልኩ ነው የማኖራት።

ሬዲዮው ውጭ አገር ስለተገደለ እስረኛ አወራ። በቃ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ዳኛ ሆነ።

«ስቅላት አረመኔነት ነው» አለ አንድ ሸሚዙን የተኮሰ ሰውዬ። «መርፌ ይሻላል። እንቅልፍ በለው።»

«ኧረ ኦቦ፣ ጥይት! ጧ፣ አለቀ!» አለ ከኋላ አንዱ።

«ጥይትማ ይስታል!»

ሳቁ። ሌላ ቀን ቢሆን «የኛ ሹፌር እያለ መርፌ ምን ያደርጋል» ብዬ ሁሉንም አስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ሒሳብ መሰብሰቤን ቀጠልኩ።

እናቴ ወደ ባለሸሚዙ ዞረች። «ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ መርፌው አያምም ነው ያልከው?»

«ምንም አያምም እማማ። ሰብአዊ ነው።»

«እንግዲያ የኔን ልጅ በሱ ያድርጉልኝ።»

እኔ ነደድኩ። «ወራጅ አለ!» ብዬ ጣራውን ደበደብኩት። «መርፌ ያልክ ውረድ! ጥይት ያልክም ውረድ! የሳቅክም!»

«ወንድሜ፣ የሷ ልጅ እንደተፈረደበት መች አወቅን?» አለ ባለሸሚዙ።

«የማን ልጅ ቢሆን ነበር የሚያስቀው? ውረድ!»

ዝናብ ነበር። ወረዱ።

እስር ቤቱ በር ላይ ጠባቂው እንደ ሁልጊዜው «እማማ፣ ቅመሺ» አላት። አይገርምም? ሞት ፈርደውበት፣ እናቱ እንዳትመርዘው ያስቀምሷታል! ቁርጥ አድርጋ ጎረሰች። ከዛ ወደኔ ዞረች።

«ማንንም አይገድሉም ብለኸኝ አልነበር?»

«አይገድሉም አልኩሽ እኮ!»

«ታዲያ ያ ሁሉ ሰው በምን ተጨቃጨቀ?»

እኔ፣ መናኸሪያውን በአፌ የምገዛው ልጅ፣ ሳህኑን ከእጇ ወስጄ ለጠባቂው አቀበልኩ። ወንድሜ ምግቡን በላ አሉ። እሷ ግን ከዛ ወዲህ ፍርዱ ለወሬ ነው ስላት አትሰማኝም።

አሁንም ውሸት ነው? ጊንጪ መናኸሪያ ሂድና የወረዱትን ጠይቅ። ጭቃው ከጫማቸው ገና አልለቀቀም። በል ሂድ፣ ጠይቅ!