የላቫጆ ጎሚኒ ፍለጋ ቴፒ ድረስ

ማክሰኞ ማለዳ ከሚዛን ተፈሪ የተነሣሁት ሦስት ያረጁ ጎሚኒዎች በሸሚዝ ኪሴ ይዤ ነው። እነዚህ የጎማ ቀለበቶች የመኪና ማጠቢያ ፓምፓችን ውስጥ ሆነው ውሃ እንዳያመልጥ ያግዳሉ። ካለቁ ፓምፑ ይጮኻል እንጂ ውሃ አይገፋም። እኔና ታናሽ እህቴ አስቴር ላቫጆውን ከከፈትን ገና ስድስት ወራችን ነው። አንድ የቡና ነጋዴ ረቡዕ ጠዋት አንዱን ኢሱዙ ለሙከራ ሊያመጣልን ቀጥሮናል፤ እጥበቱን ከወደደው ሁለቱም መኪኖቹ የቡናውን ወቅት ሙሉ የእኛ ደንበኛ ይሆናሉ። ካልወደደው ወንዝ ዳር በባልዲ ወደሚያጥቡት ይሄዳል። ሚዛን ያሉ መለዋወጫ ሻጮች ሁሉ “ጎሚኒ ለብቻው የለም፣ ሙሉ ፓምፕ ግዛ” ብለውኛል። ሙሉ ፓምፕ የምገዛበት አቅም ቢኖረኝ ምን አስጨነቀኝ!

ሸኮ፣ ሦስት ሰዓት

መንገዱን ዝናብ አቡክቶታል። ተሳፋሪው ሲያማርር እኔ ውስጤ ይስቃል፤ ለላቫጆ ባለቤት ጭቃ ማለት ገበያ ነው። ሸኮ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ትኩስ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ በላሁ። ቃሪያው እንባዬን አወረደው፤ ግን ደገምኩ።

“ቀስ በል እንጂ፣ ቴፒ የትም አትሄድብህ” አለችኝ ሻጯ።

ቴፒ፣ አምስት ሰዓት

ሙቀቱ ገና ከመኪና ስወርድ ተቀበለኝ። ሦስት ሱቅ “የላቫጆ ጎሚኒ አለ?” ብዬ ጠይቄ ሦስቱም የለም አሉኝ። አራተኛው የጋሽ ነስሩ ነው። ከጅማ መጥተው ቴፒ የከረሙ፣ የቡና መድኃኒት መርጫ ሞተር የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው።

“ላቫጆ የሚባል አላውቅም፣ እስቲ አምጣው” አሉና አገላብጠው አዩት። “ይሄማ የመርጫ ሞተር ጎሚኒ ነው! ፓምፑ እኮ አንድ ነው።”

በደስታ አቅፌ ልስማቸው ምንም አልቀረኝ። ከሳጥን ውስጥ ልክ የእኔን የሚያህሉ ሦስት አዳዲስ መርጠው አወጡ። ብር ላወጣ እጄን ኪሴ ስከት አሮጌውን አሸተቱት።

“በምንድን ነው ያጠብከው?”

“በቤንዚን። ትናንት ዘፍዝፌው ዋልኩ።”

“ለምን?”

“ቆሽሾ ነበራ! አጣቢ ነኝ እኮ።”

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። “ልጄ፣ ጎማ በቤንዚን ያብጣል። ይሄን ብሸጥልህ ሚዛን ስትደርስ አይገባልህም። የፓምፑን ቀዳዳ ለክተሃል?”

አልለካሁም። አዲሶቹን ወደ ሳጥኑ ሲመልሷቸው ስልኬን አወጣሁ። ቀዳዳውን እንድትለካልኝ ለአስቴር ደወልኩላት። ማስመሪያዋ ቀዳዳው ውስጥ አልገባ አለቻት፤ ያገኘችውን ሁሉ ስትሞክር ቆይታ በድንገት ጮኸች።

“ጋሼ! የአንድ ብር ሳንቲም ልክክ ብሎ ገባ! ንቅንቅም አይል!”

ጋሽ ነስሩም ከኪሳቸው አንድ ብር አውጥተው እያንዳንዱ ጎሚኒ ላይ ያስቀምጡ ጀመር። አምስተኛው ላይ ጠርዙ ገጠመ። አንዱ ሃያ አምስት ብር! ሦስቱን ገዝቼ ለአስቴር ትልቅ አናናስ ጨመርኩ።

ሚዛን፣ አሥራ አንድ ሰዓት

ስደርስ ሳንቲሙ እዚያው ተቀርቅሯል። በሽቦ ፈልቅቀን አውጥተን አዲሶቹን ገጠምን። ሞተሩን ስናስነሣ ውሃው ተወርውሮ ግድግዳውን መታው፤ አስቴር እልል አለች፣ እኔም አብሬያት።

ይህ ጉዞ የተበላሸ ዕቃ ከነእድፉ እንድይዝ፣ ልኩንም ከቤት ለክቼ እንድወጣ አስተምሮኛል። ከሁሉ በላይ ግን ጋሽ ነስሩ አልሸጥልህም ማለታቸው እንደጠቀመኝ አልረሳም።

ረቡዕ ጠዋት ኢሱዙው እስከ መስኮቱ በጭቃ ተለውሶ መጣ። አጥበን ስንጨርስ ነጋዴው ዞር ዞር ብሎ አየው፤ ጎንበስ ብሎ ከጎማው በላይ ያለውን ቆርቆሮ በጣቱ ጠረገና ጣቱን ተመለከተ።

“ሁለተኛውን ከሰዓት አመጣዋለሁ” አለ።

አስቴር ፊቱ መዝለል አፍራ፣ ከፓምፑ ጀርባ ሄዳ ዘለለች።