እማሆይና የክንዱ ኮራል

ክንዱ ሰባታሚት ሰፈር ባለው ቤቱ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ጨው በቀላቀለበት የመስታወት ገንዳ ኮራል ያሳድጋል። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ነፍስ ያለው የባሕር ፍጥረት ነው፤ ውኃው ጥቂት ከተበላሸ ይሞታል። በጋውን ሁሉ ቢደክምላቸውም አንድ በአንድ ነጥተው አለቁበት። የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከተኮማተረ ሰንብቶ ነበር።

ፋብሪካ ሲውል እሱ ባዘዘው ልክ የሚመግቡለት አማቱ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ናቸው። ከነሐሴ መግቢያ ወዲህ ግን ያ ኮራል እንደ አበባ ይፈካ ጀመር። ክንዱ ደስ ከማለት ይልቅ ጠረጠረ። አማቱ በድብቅ ጠበል ጨምረውበት ከሆነ ጨውነቱ ቀጥኖ፣ ዛሬ የፈካው ነገ ይሞታል። ጨውነቱን ቢለካው ደህና ነው። ጥርጣሬው ግን አልለቀቀውም፤ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሳይናገር መጣ። እማሆይ ገንዳው ፊት ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ።

«እማሆይ፣ ምን ጨመሩበት?»

«ምንም አልጨመርሁ።»

«ጠበል?»

«ጠበል ለድንጋይ አላባክንም።»

ቁም ሳጥኑን ከፈተ። የምግቡ ቆርቆሮ እንደሞላ ነው።

«ምግቡንስ?»

«ሽሪምፕ የሚባል የባሕር እንስሳ ዱቄት ነው አላልኸኝም? ፍልሰታ ገብቷል። በእኔ እጅ አይገድፉም።»

ሊቆጣ ብሎ ወደ ገንዳው ዞረ። አሸዋው ላይ ይረጋ የነበረው የምግብ ዝቃጭ የለም፤ ውኃው ጠርቷል። ለካ እየሳሳላቸው አብዝቶ ሲያስመግብ ውኃውን ያበላሸው ራሱ ኖሯል።

«ተመስገን» አለ ቀስ ብሎ። «ጾሙ ሲፈታም በማንኪያ ጫፍ ብቻ ይስጡልኝ።»

ሊወጣ ሲል ግን ጣቱን ውኃው ውስጥ ነክሮ ቀመሰ።

«አላመንኸኝም» አሉ እማሆይ፣ ዓይናቸውን ከዳዊቱ ሳያነሡ።